ስለ ጠላት የቀረበ ምልጃ



ነሐሴ 24 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዕረፍት በምታከብርበት ዕለት፥ የአንዲት ሴትም መታሰቢያ አብሮ ይውላል፤ እርሷም በቡልጋ ተወልዳ፥ ባል አግብታና ልጆች ወልዳ በተድላ ከኖረች በኋላ ሁሉን ትታ የመነነችው፥ የታሪክ ሊቃውንትም ዘመኗን በ15ኛው መቶ ዓመት የሚያኖሩት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። ስሟ ሲተረጐም ክርስቶስ ደስ የተሰኘባት ማለት ነው። ዛሬ ስለ እርሷ ለመናገር የደፈርሁት፥ ምእመናን በፍቅር የሚተርኩት፥ ጠያቂዎች ግን የሚደነግጡበት አንድ ልመና ስላላት ነው።

የምናኔዋ መነሻ ነፍስ ማጥፋት ነው። ገድሏ እንደሚተርከው፥ አገልጋይዋ ባስቈጣቻት ጊዜ በእሳት የጋለ ትንታግ በአፏ ከተተችባት፥ ያችም ሴት ሞተች። እመቤቲቱ ባደረገችው ነገር ደንግጣ፥ እግዚአብሔር የሟቿን ነፍስ ቢመልስላት ዓለምን ትታ እንደምትመንን እያለቀሰች ተሳለች፤ ሟቿም ተነሣች። ስለዚህ ስእለቷን ልትፈጽም ቤቷን ጥላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ መነኰሰች፤ ኋላም ወደ ጣና ተሻግራ፥ ዓሦች በቈሰለ ሥጋዋ ውስጥ እስኪመላለሱ ድረስ በባሕሩ ቆማ 12 ዓመት እንደ ጸለየች ይነገራል። ገድሏ ብዙውን ነገር በራሷ አንደበት የሚያስነግር ነውና፥ ይህን በደል ሸፍኖ አላለፈውም።

ልመናዋም ይህ ነበር፤ የአዳም ልጆች በዲያብሎስ ምክንያት እየሳቱ እንዳይጠፉ፥ ፈጣሪ ዲያብሎስን ይቅር ብሎ እንዲታረቀው ለመነች። ፈቃድም ተሰጥቷት በቅዱስ ሚካኤል መሪነት ወደ ሲኦል ወርዳ፥ ከአምላክህ ጋር ላስታርቅህ መጥቻለሁ ብትለው፥ እርሱ ተቈጥቶ ወደ ጥልቁ ጐትቶ ጣላት፤ ሚካኤልም በሰይፉ ታድጎ ሲያወጣት፥ ዐሥር ሺህ ነፍሳት እንደ ንብ በልብሷና በሥጋዋ ተጣብቀው አብረዋት ወጡ።

በዚህ ነገር የሚከራከሩ አሉ። የሚቃወሙት ሰዎች የወደቁት መላእክት ለታላቁ ቀን በእስራት እንደሚጠበቁ የይሁዳን መልእክት ጠቅሰው፥ ለጠላት ምሕረት መለመን ከሃይማኖት ሥርዓት መውጣት ነው ይላሉ፤ የሚደግፏት ደግሞ ልመናው ለሰው ከማዘን እንደ መነጨ ያስረዳሉ። ኢጣሊያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የግእዙን ገድል በ1956 በአውሮፓ አቈጣጠር ካሳተመው ወዲህም፥ ምርመራው በባሕር ማዶ ሊቃውንት ዘንድ ቀጥሏል።

እኔ እንደሚመስለኝ፥ ገድሉ ራሱ ለተቃዋሚዎቹ መልስ ሰጥቷል። ዲያብሎስ ዕርቁን ጠልቶ ጣለው እንጂ፥ ገድሉ ፍርድ ተሻረ አላለም፤ ምሕረት እስከ ሲኦል ወርዶ ሲጠራ፥ እምቢ ያለው ተጠሪው ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ከዚህ የሚጠልቅ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እንዲህ ያለውን ልመና ከቅዱሳን መካከል ለመለመን የደፈረች ለምን እርሷ ሆነች? በገዛ እጇ ነፍስ ያጠፋች፥ የማይገባትንም ይቅርታ የተቀበለች ሴት ስለ ነበረች፥ ለሌላው ይቅርታ ወሰን ለማበጀት እጇ አልታዘዘላትም።

ስለዚህ የቅድስቲቱን ክብር ስናነሣ፥ ያችን አገልጋይ ከታሪኩ ደጃፍ ውጭ ትተን አንለፍ። ዐሥር ሺህ ነፍሳት በክርስቶስ ሠምራ ልብስ ላይ ከመንጠልጠላቸው በፊት፥ አንዲት ነፍስ በእርሷ ቍጣ ጠፍታ በእንባዋ ተመልሳ ነበር፤ ወደ ሲኦል የወረደውም መንገድ የተጀመረው በዚያች ሴት እግር አጠገብ፥ በገዛ ቤቷ ወለል ላይ፥ በዚያች የእንባ ሰዓት ነው።