ስለ ዕዳና ስለ መበለቲቱ ማድጋዎች
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

  እናቶቼና እኅቶቼ፣ ንግግሩ በዜና መጽሔታችን ስለሚወጣ በሩቅ ያላችሁ ደጋፊዎቻችንም ታነቡታላችሁ።

የዛሬውን ርእስ የመረጥኩት በምክንያት ነው። በሚቀጥለው ወር ድምፅ የምንሰጥበት ሐሳብ መቅረቡን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብድሯን ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለች አባል ስሟ በስብሰባ ፊት ይነበብ፤ ከዚያም ካልከፈለች ከማኅበሩ ትሰናበት የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት እኅቶች ክፉ አስበው አይደለም። ሣጥናችን ውስጥ ያለው ገንዘብ ከእንጀራ ሽያጭ፣ ከልብስ አጠባ፣ ከጉሊት ሳንቲም በሳንቲም የተጠራቀመ ነው። አንዷ ሳትከፍል ስትቀር ሌላዋ ተራዋ ደርሶ የምትበደረው ታጣለች። ስለዚህ «ይቅር እንበላት» ብሎ ማለፍ ደግነት ይመስላል እንጂ ተራዋን ለምትጠብቀው ደግነት አይደለም። እኔም ዛሬ ዕዳ ይሰረዝ ልል አልቆምኩም። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ዕዳ የሚለውን አብረን እንድናይ ፈለግሁ። ስብከት ላይ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ኃጢአት ዕዳ ነው። ዛሬ ስለ ብር ዕዳ እንነጋገር።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ያለችውን መበለት ታውቋታላችሁ። ታሪኳ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሟም አልተጻፈም። ባሏ ከነቢያት ወገን ነበር፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደነበረ ለኤልሳዕ ስትነግረው እሱም ያንን እንደሚያውቅ አድርጋ ነው። ይህ ሰው ሞተ። ሲሞትም ዕዳ ትቶ ሞተ። አበዳሪው ደግሞ ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ዕዳው የተገኘው በጸሎተኛ ሰው ቤት ነው። እኛ ግን አንዷ ዕዳ ውስጥ ስትገባ ቶሎ የሚመጣልን «ምን አድርጋበት ነው?» የሚለው ነው። አባካኝ ናት፣ ሰነፍ ናት፣ ጸሎቷ ቀንሷል እንላለን። መጽሐፉ ሰውዬው ለምን እንደተበደረ እንኳ አይነግረንም፤ ኤልሳዕም አልጠየቀም። የኛ ሰፈር ዕዳ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። የመስከረም የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ በድንገት የታመመ ልጅ አለ። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይህ ነው።

ከሜዳ ያልመጣም አለ፤ እሱንም ሳልናገር አላልፍም። ባሏን ቀብራ ከሐዘኗ ሳትነሣ ለተዝካር ብላ የምትበደር እኅት አለች። «ሰው ምን ይለኛል» ብላ በሬ የምታሳርድ፣ ድንኳን የምታስተክል፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትከፍል። ለሙታን መጸለይም ለድሆች መመጽወትም የቆየ ሥርዓታችን ነው፤ በዚያ ላይ ቃል የለኝም። በአራጣ ተበድራችሁ ደግሱ ያለን አባት ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ድግሱን የምንጠብቀው እኛው ነን፤ ሳይደገስ ሲቀር የምናማውም እኛው ነን።

ወደ መበለቲቱ ልመለስ። ኤልሳዕ በቤትሽ ምን አለሽ ብሎ ጠየቃት። መልሷ እንደኛው ነው፤ በመጀመሪያ ምንም የለኝም አለች፣ ቀጥላ ከትንሽ ዘይት በቀር አለች። በሥልጠናችን ላይ «ያለሽን ቁጠሪ» እየተባልን ስለተማርነው በዚህ ላይ ብዙ አልልም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ወደ ጎረቤቶችሽ ሁሉ ሂጂ፣ ባዶ ማድጋ ተዋሺ፣ ጥቂትም አይሁን አላት።

ጎረቤት የተጠየቀው ዘይት አይደለም፤ ገንዘብም አይደለም። ባዶ ዕቃ ነው። ባዶ ማድጋ የሌላት ጎረቤት የለችም፤ እጅግ ድሃ የሆነችውም ታውሳለች፣ ዕቃዋም ተመልሶ ይመጣል። ነገር ግን ያ ባዶ ዕቃ ባይሰጥ ዘይቱ የሚገባበት የለም። ታሪኩ ይህንን በግልጽ ያሳያል፤ ዘይቱ የቆመው ማድጋው ባለቀ ጊዜ ነው። የዚያች ሴት ልጆች ከባርነት የዳኑት ጎረቤት ባዋሰው ዕቃ ልክ በተቀዳ ዘይት ነው ማለት ነው። በኛ ማኅበር ማድጋው ምንድን ነው ብዬ አስባለሁ። ገበያ ስትሄድ ልጇን የምትጠብቅላት ጎረቤት ናት። ምጣዷ ሲሰበር «በኔ ጋግሪ» የምትላት ናት። ደንበኛ የምታመላክታት ናት። ደጋፊዎቻችን ደግሞ የሒሳብ አያያዝ ሥልጠናውን፣ መዝገቡን፣ የመጀመሪያውን ሣጥን ሰጥታችሁናል፤ ማድጋ ማለት ይህ ነው። (ይህን ያልኩት ገንዘብ አትላኩ ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ!)

ሌላው ትእዛዝ በሩን በአንቺና በልጆችሽ ላይ ዝጊ የሚለው ነው። ብዙ ሰባኪ ይህን ስለ ጸሎት ይተረጉመዋል፤ ጥሩ ትርጉም ነው። እኔ ግን የሴት ዓይን ስላለኝ ይሆናል፣ ሌላም ነገር አይበታለሁ። ጎረቤቶቿ ማድጋ ሰጧት፤ ግን አልገቡም። ማን ስንት እንዳለባት፣ አበዳሪው ምን ብሎ እንደዛተ ቆጥሮ ለመንደሩ የተናገረ የለም። ተአምሩ ራሱ የተደረገው በተዘጋ በር ውስጥ ነው። በውስጥ የነበሩት ልጆቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቁጭ ብለው አላዩም፣ ማድጋ ያቀብሏት ነበር። ሊወሰዱ የነበሩት ልጆች በገዛ እጃቸው ዕዳውን ለመክፈል ሠሩ። ከፍ ያሉ ልጆች ያሏችሁ እናቶች የቤቱን ዕዳ ብቻችሁን ተሸክማችሁ ሌሊት ከምታለቅሱ ብትነግሯቸው ይሻላል ባይ ነኝ። ለጎረቤት አይደለም፤ ለልጆቻችሁ።

መጨረሻ ላይ ኤልሳዕ ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ አላት። ልብ በሉ፤ ዕዳው አልተሰረዘም። አበዳሪው ገንዘቡን አገኘ። ስለዚህ ማኅበራችን «ክፈዪ» ሲል ከመጽሐፉ አልወጣም። ግን «በተረፈው ኑሩ» የሚልም አለበት። ከፍላ በማግስቱ የምትራብ ከሆነ ነገ ተመልሳ ትበደራለች።

አሁን ወደ አበዳሪው እንሂድ፤ ምክንያቱም እኛ በዚህ ማኅበር ተበዳሪዎች ብቻ ሳንሆን አበዳሪዎችም ነን። ይህን እንረሳዋለን። ዘዳግም 24 ለአበዳሪ የተጻፈ ነው። አንደኛ፣ ወፍጮንና መጁን መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል፤ የሰውን ሕይወት መውሰድ ነውና። ሁለተኛ፣ አበዳሪው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ እንዲቆምና ባለቤቱ ራሱ እንዲያወጣለት ያዝዛል። ሦስተኛ፣ የመበለት ልብስ መያዣ እንዳይሆን ይከለክላል።

የዛሬው ወፍጮና መጅ ምንድን ነው? እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት አባላችን ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ከአንድ ግለሰብ በአራጣ ተበድራ ነበር። ሁለት ወር ሳትከፍል ስትቀር ሰውዬው ቤቷ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ይዞ ሄደ። ምጣዱ ሲሄድ ገቢዋ ሄደ፤ ገቢዋ ሲሄድ ዕዳው የሚከፈልበት መንገድ አብሮ ሄደ። ያ ጥንታዊ ሕግ የከለከለው በትክክል ይህን ነው። ሰውየውንም አልጠቀመውም፤ ያገለገለ ምጣድ ምን ያህል ያወጣል? እዚያ ቤት ሁለት ሳምንት እንጀራ አልተጋገረም።

ስለ ወለድም አንድ ነገር ልጨምር። በነህምያ ምዕራፍ 5 ሕዝቡና ሚስቶቻቸው ጮኹ ይላል። ሴቶቹ ተለይተው መጠቀሳቸውን አስተውሉ፤ የእህል ማነስን ቀድማ የምታውቀው ቤት ውስጥ ያለችው ናት። እርሻቸውንና ቤታቸውን ለእህል አስይዘው፣ ለንጉሡ ግብር ተበድረው፣ ሴቶች ልጆቻቸው ለባርነት ተሰጥተው ነበር። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 445 ዓመት ገደማ ነው፤ ኢየሩሳሌም ቅጥሯን እየሠራች ነበር። ቅጥሩ በ52 ቀን ያለቀ የጥድፊያ ሥራ ነው። ነህምያ ግን ከሥራው በኋላ እንየዋለን አላለም። ተቆጣ፣ በልቡ አሰበበት፣ ከዚያ ትልቅ ጉባኤ ጠርቶ በሕዝብ ፊት ገሠጸ። ማንን? ተበዳሪዎቹን አይደለም። አበዳሪዎቹን ነው። እርሻውን፣ ቤቱንና ከመቶ አንድ ያስከፈሉትን እንዲመልሱ አደረገ፤ እሱና ወንድሞቹም ያበድሩ ስለነበር ራሱን ከነገሩ አላወጣም።

ያ ከመቶ አንድ የወር ወለድ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ እንደዚያ ከሆነ በዓመት 12 በመቶ ይመጣል። የኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ግለሰብ ለግለሰብ ገንዘብ ሲያበድር ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። ቁጥሩ መገጣጠሙ ይገርመኛል። በወር ከመቶ አሥር የሚጠይቃችሁ ሰው ከሁለቱም ውጭ ነው፤ በሒሳብ ስታስቡት በዓመት ከተበደራችሁት በላይ ትከፍላላችሁ፣ ዋናው ብድር ግን እንዳለ ይቀመጣል። እኅቶቼ፣ «ለጊዜው ነው» እያላችሁ ወደዚያ በር አትሂዱ። መጀመሪያ ወደዚህ ሣጥን ኑ።

እንግዲህ ያነሣሁትን አንድ ላይ አድርጌ ሳየው፣ የተበዳሪዋ ጉዳይ በተዘጋ በር፣ የአበዳሪዎቹ ጉዳይ በጉባኤ ፊት ነው የታየው። እኛ ልንወስን ያሰብነው ግልባጩን ነው። ታዲያ ከፍላ መጨረስ እየቻለች እምቢ የምትል ብትኖርስ? ትኖራለች፤ ዓይናችንን አንጨፍን። ለዚህ ጌታችን በማቴዎስ 18 የሰጠው ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻችሁን ተነጋገሩ፤ ካልሰማች አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሩ፤ ያኔም እምቢ ካለች ለጉባኤው ንገሩ። በጉባኤ መናገር አልተከለከለም፤ ግን ሦስተኛው ነው። በቀረበው ሐሳብ የመጀመሪያው ሆኗል።

ስለ ዋስ ደግሞ ምሳሌ ምዕራፍ 6 አለ። ለባልንጀራህ ዋስ ከሆንህ እንቅልፍ ሳትተኛ ሂድና ለምነው፣ እንደ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ አምልጥ ይላል። በኛ ቡድን አምስት አምስት ሆነን ዋስ እንሆናለን፤ ዋስ ስትሆኚ ፈርመሽ ቤትሽ መግባት አይደለም ማለት ነው። ጓደኛሽ የመጀመሪያውን ወር ስትስት ያንኑ ሳምንት ሂጂ። ሦስተኛው ወር ሲደርስ ዕዳውም እፍረቱም ተከምሮ እሷ ከኛ መሸሽ ትጀምራለች፤ መንገድ ላይ ስታየን ታጥፋለች። የጠፉብን አባላት ሁሉ የጠፉት እንዲህ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ክፍያ ሲያልፍ ዋሷ በሳምንቱ ውስጥ ብቻዋን ትሂድ፤ ምን እንደገጠማት፣ በቤቷ ምን እንዳላት ትጠይቅ። ሁለተኛው ሲያልፍ ዋሷና አንዲት የብድር ኮሚቴ አባል ሄደው በምትችለው መጠን አዲስ የአከፋፈል ጊዜ ይጻፍላት፤ ክፍያው ይነስ እንጂ አይቁም። ይህን ተስማምታ ሆን ብላ ካፈረሰች ብቻ ጉዳዩ ወደ ስብሰባ ይምጣ። የምትሠራበት ዕቃ፣ ምጣድ ይሁን የልብስ ስፌት መኪና፣ በምንም ምክንያት መያዣ አይሁን። ቤቷ የሄደችውም ያየችውን ለኮሚቴው እንጂ ቡና ላይ አታውራ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም እንደሚከብደን አውቃለሁ።

ጸሐፊያችን ሐሳቡን በቃለ ጉባኤ ይዛዋለች። የመጀመሪያውን ሐሳብ ያቀረቡት እኅቶች አሁን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ ገንዘብ ያዣችንም መዝገቡን ይዛ መጥታለች፣ ስንት ክፍያ እንደዘገየ ስም ሳትጠራ ቁጥሩን ትነግረናለች።