ቀንና ቁጥር የሌለው ወረቀት
(ማንበብና መጻፍ ለጨረሱ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ ትንሽ ናት። የያዘችው ጉዳይ ግን የአንዲት እናት መሬት ነው።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የመጀመሪያውን ዲግሪ ጨርሰን ሁለተኛውን በመማር ላይ እንገኛለን። የምንማረውም ቀበሌ ከወረዳ፣ ወረዳም ከበላዩ ካሉት ጋር እንዴት ተገናኝቶ እንደሚሠራ ነው። ትምህርቱን በሥራ እንድናየው ግዴታ ስለሆነ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመደብን።

ተማሪ ወደ ገጠር ሲላክ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥተዋል። ሊያስተምሩ ሄደው ተምረው የተመለሱ ብዙ ናቸው። የእኛም ነገር እንዲሁ ሆነ።

በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ሥራ ይሰጠናል ብለን ነበር። የተሰጠን ግን በመዝገብ ቤቱ ጥግ የተከመረ ወረቀት ነው። «እስኪ ይህን ለዩልን» ተባልን። ከመካከሉ አንድ የቀበሌ ደብዳቤ አገኘን። «የድንበር ክርክር ስላለ መሬት የሚለካ ባለሙያ ይላክልን» ይላል። ማኅተም አለው። ቀን ግን የለውም፤ ቁጥርም የለውም። ቁጥር ስለሌለው በመዝገብ አልገባም። በመዝገብ ስላልገባ ለማንም አልተመራም። ቀበሌው «ልኬአለሁ» ይላል፤ ወረዳው «አልደረሰኝም» ይላል። ሁለቱም የዋሹ አይመስላቸውም። በመካከሉ የምትጎዳው ባለጉዳይዋ ናት።

ባለጉዳይዋ ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ጎረቤቷ ድንበሩን እየገፋ ወደ ማሳዋ ገብቶባታል። ወሩ ግንቦት ነው። ክረምቱ ሳይገባ ካልተለካ ሰውየው ያርሰዋል፤ ይዘራውማል። እርሷ ሦስት ሰዓት በእግሯ እየተጓዘች ስትመጣ ሁልጊዜ መልሱ «ነገ ይምጡ» ነበር። ደጅ መጥናት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

እኛም ከዚያ የተሻለ አላደረግንም። ልናስደስታት ብለን ማንንም ሳንጠይቅ «እማማ፣ ሐሙስ ይምጡ፤ ያልቃል» አልናት። ሐሙስ ስትመጣ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፤ እኛም ስብሰባ ገብተናል። እስከ ማታ ጠብቃ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ መጣችና እንዲህ አለችን፦ «ልጆቼ፣ አፋችሁስ መልካም ነው። አሁን ግን ያላችሁኝን በወረቀት አድርጉልኝ።»

ጻፍንላት። ወረቀቱን ተቀብላ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች አነበበች። እንደ እናንተ በቅርብ ነው ማንበብ የተማረችው። ጨርሳ ቀና አለችና «ቀኑስ የታለ?» አለችን። አፈርን። የቀበሌውን ጸሐፊ ስንነቅፍ ከርመን እኛው ያንኑ ስሕተት ሠራን።

በዚያው ዕለት ደብዳቤው ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ገባ። በሰኔ ወር ባለሙያው ሄዶ ለካ፤ የድንበሩም ድንጋይ በቦታው ተተከለ። ነገር ግን ጎረቤቷ ቀድሞ ዘርቶ ነበርና የዚያ ዓመት እህል ሌላ ክርክር ሆነ። አንድ ቁጥር መጉደሉ ይህን ያህል ያስከፍላል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ወረዳ ሩቅ የጌታ ቤት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይናገራል። በአንቀጽ 40 ደግሞ ገበሬ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ነገር ግን ሕግ በራሱ እግር አይሄድም። ጉዳይ ከቀበሌ ወደ ወረዳ የሚሄደው በወረቀት ነው። ወረቀቱም መንገድ እንዳይስት ባለቤቱ ሊከታተለው ይገባል።

ስለዚህ ማመልከቻ ስታቀርቡ እነዚህን አትርሱ፦

1. ቀን፣ ስማችሁንና ቀበሌያችሁን ጻፉ። በአንድ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን።

2. ሌላ ሰው ከጻፈላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ፤ አውራ ጣት የሚያስነካችሁ ምክንያት የለም።

3. ግልባጩን ለራሳችሁ አስቀሩ። በግልባጩ ላይ የገባበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ።

4. ቀበሌው ለወረዳ ደብዳቤ ሲጽፍላችሁ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም መኖሩን እዚያው እያላችሁ ተመልከቱ።

5. «ነገ ና» ስትባሉ «ለየትኛው ቀን? ማንን ልጠይቅ?» በሉ። መልሱንም ጽፋችሁ ያዙ።

መልስ ከጠፋ ወደ ቅሬታ ሰሚ አመልክቱ። ለወረዳው ምክር ቤት ለመረጣችሁት ተወካይም ንገሩት። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። በዚያም ቢሆን መጀመሪያ የምትጠየቁት «ወረቀቱ የታለ?» ተብላችሁ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። እኛ ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። የገባን ግን ያቺ እናት «ቀኑስ የታለ?» ብላ የጠየቀችን ዕለት ነው። እናንተም ነገ ወደ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ ይህንኑ ጠይቁ። የሚያፍር ካለ የሚያፍረው ያልጻፈው ነው እንጂ የጠየቀው አይደለም።