ሽመልም ሸራ ይሆናል
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተሰጠ ንግግር)



ረቂቅ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው አስቀድሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሥዕሉ የተሠራው በቀርከሃ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ዕቃውን ያውቀዋል፤ የማያውቀው መልኩን ነው። ዛሬ ልንናገር የመረጥነው ስለዚሁ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ተምረው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1963 ረቂቅ ሥዕሎቻቸውን በአዲስ አበባ ሲያሳዩ፣ ሥራው ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃውም ተለወጠ። እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1981 ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠሩ፤ ኤልያስ ስሜ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጎነጉናል። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ ቀጫጭን የቀርከሃ ፍላጮችን ጎን ለጎን ደርድረው ይስሉባቸዋል።

ሸራ አንድ ወጥ ገጽ ነው። ፍላጮች ሲደረደሩ ግን በመካከላቸው ክፍተት አለ። ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ክፍተቱ ያቋርጠዋል፤ ዐይናችንም የተቆረጠውን መስመር ራሱ ይቀጥለዋል። ስለዚህ ዕቃው ከሠዓሊው ጋር አብሮ ይሥላል ማለት ነው።

«እንግዲያስ አጥር ሁሉ ሥዕል ነውን?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም። ዕቃ ብቻውን ሥዕል አይሆንም፤ ሥዕል የሚያደርገው የመረጠውና ያሰናዳው አእምሮ ነው። ዳሩ ግን ውድ ሸራም ያለዚህ አእምሮ ጨርቅ ነው።

ይህ ነገር ለምን ያሳስበናል? ከመካከላችን ነገ በመተከል፣ በዳንጉር ወረዳ ከተማ በማንቡክ፣ ተመድቦ የሚያስተምር ሊኖር ይችላል። የዘይት ቀለምና ሸራ ባያገኝ «ዕቃ የለም» ብሎ የሥዕሉን ክፍለ ጊዜ ይዘጋው ይሆን? አገሩ የቆላ ቀርከሃ፣ ማለት የሽመል አገር ነው። ሕዝቡ ቤት ይሠራበታል፣ ያጥርበታል፣ ቡቃያውንም ይመገባል። ከሰል ከምድጃ፣ አፈር ከደጅ አይታጣም።

ስለ ሽመል የሚያውቀው ግን የጉሙዝ ባለሙያ ነው፤ የበሰለውን ከለጋው ለይቶ መቁረጥን፣ መሰንጠቅን፣ ማድረቅን። መምህሩ ይህን ሰው ወደ ክፍሉ ጠርቶ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ሊማር ይገባዋል። ያለዚያ ዕቃውን ወስደን ዕውቀቱን ረስተን መመለሳችን ነው።

ስለዚህ ወደ ቆላ የምትመደቡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የቀለሙን ሣጥን አትጠብቁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሽመልና ከሰል ይዛችሁ ግቡ።