የነዳጅ ዘይት መቋረጥና የጁባ ገበያ



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2012 የደቡብ ሱዳን መንግሥት በመተላለፊያ ዋጋ ከካርቱም ጋራ ስላልተስማማ፥ ከገቢው 98 በመቶ ያህሉን የሚያገኝበትን የነዳጅ ዘይት ማውጣት አቋረጠ። ውሳኔው የታለመው በካርቱም ላይ ነበር። ነገር ግን ዘይቱ ሲቆም የውጭ ምንዛሪ አነሰ፤ ምንዛሪው ሲያንስ ከኡጋንዳ በጭነት መኪና የሚገባው ሸቀጥ ተወደደ። በጁባ፥ በኮሎሎ ሰፈር፥ ምሳውን ገዝቶ የሚበላው ሠራተኛ ስለ ክርክሩ አንዳች ሳይጠየቅ ከከፋዮቹ አንዱ ሆነ። በከተማው ሆቴልና ሱቅ ለከፈቱት ኢትዮጵያውያንም በአገሬው ገንዘብ ሸጦ ዶላር ማግኘት አስቸገረ፤ ችግሩም ድንበር ተሻግሮ የእነርሱን እጅ ከሚጠብቀው ቤተ ሰብ ደረሰ። ስምምነቱ በሴፕቴምበር 2012 በአዲስ አበባ ቢፈረምም፥ ዘይቱ እንደገና መውጣት የጀመረው በአፕሪል 2013 ነው፤ የገበያው ሰው ግን እስከዚያ ድረስ በየቀኑ መብላት ነበረበት።