ከወዳደቀ ዕቃ የተሠራች መኪና ምን አስተማረችን?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ በሆኑ የመኪና ጥገና ባለሙያ የቀረበ ንግግር)






እኔ የመድረክ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ "ላፍቶ በግቢዎ ውስጥ ስለሠሩት መኪና ይንገሩን" ሲለኝ አመንትቼ ነበር። በኋላ ግን ከማኅበራቱ አንዳንዶቹ "ለእኛም እንዲህ ያለ መኪና ይሠራልን" የሚል ጥያቄ ለዩኒየኑ ማቅረባቸውን ሰማሁ። ይህ ጥያቄ የአባላትን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም የሚነካ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሳልሸሽግ ለመናገር መጥቻለሁ።

መነሻው ጭቃ ነው

የእናቴ አገር በቾ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ቱሉ ቦሎ ስትደርሱ ግራና ቀኙ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው። አፈሩ መረሬ ነው። በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ ዓይነት አፈር የተሸፈነ መሆኑን የአፈር ባለሙያዎች ይገልጻሉ። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና እንደ ሊጥ ይሆናል። ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው አይሱዙ ሲገባበት ጭቃው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው እንደ በርሜል ለስልሶ ቆሞ ይሽከረከራል።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች መንገድ ማግኘታቸው እሙን ነው። ይሁንና ከጠጠሩ መንገድ እስከ ገበሬው ደጅ ያለው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር በብዙ ቦታ ዛሬም የአህያና የትከሻ ነው። ማዳበሪያ የሚደርሰው ደግሞ ሰማዩ ሲጠቁር ነው። አንድ ዓመት የአጎቴ ማዳበሪያ የጫነው ጋሪ ጭቃ ውስጥ ተይዞ ዝናብ ወረደበትና የሦስት ኩንታሉ ግማሽ ሟሟ። በብድር የተወሰደ ማዳበሪያ ነበር፤ ዕዳው ግን አልሟሟም። ያን ቀን ነው በአራቱም ጎማ የምትስብ የጭነት መኪና እሠራለሁ ብዬ የተነሣሁት።

ዕቃው ከየት መጣ?

አዲስ መኪና ለመግዛት አቅም አልነበረኝም። መንገድ ላይ ተገልብጣ አካሏ የተጨፈለቀ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ሊብሬዋን ጨምሮ ገዛሁ። ካቢናዋ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ሻንሲዋ ግን አልተጣመመም ነበር። ይህን ያወቅሁት በዓይን ሳይሆን በገመድ ነው። ከፊት ግራ ጫፍ ወደ ኋላ ቀኝ ጫፍ፣ ቀጥሎም ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ለካሁ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው፤ ካልሆኑ ያ ብረት ለሚዛን ብቻ የሚሸጥ ነው።

ሞተሯን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አገኘሁ። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ በተለምዶ ዋን ኤች ዜድ የምንለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። ቶዮታ ይህን ሞተር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ኮምፒዩተር የለውም፤ ናፍጣውን የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ስለሆነ ገጠር ላይ ቢቆም በእጅ የሚጠገን ነው። ካምቢዮውንም ከዚያው ሞተር ጋር አንድ ላይ ገዛሁ። የአንዱን መኪና ሞተር ከሌላው ካምቢዮ ጋር ለማጋባት በቶርኖ የተሠራ ማገናኛ ያስፈልጋል። ማገናኛው ከመሐል ትንሽ እንኳ ቢዛነፍ ፍሪሲዮኑንና ኩሽኔታውን ይበላል።

ስፖንዳውን ከምናለሽ ተራ በገዛሁት ብረትና ላሜራ ራሴ በየድኩ። ሥራው ከሥራ ሰዓት ውጭና በእሑድ ስለነበረ 14 ወር ፈጀ። የብየዳ ማሽኑን በለኮስኩ ቁጥር የጎረቤቶቼ አምፖል ይደበዝዝ ነበር። እነሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልከሰሱኝም፤ "ባቡርህ መቼ ነው የምትነሣው?" እያሉ ቡና ይጠሩኝ ነበር።

ይህ ሥራ እኔ የፈለሰፍኩት አይደለም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጣሊያን ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ካሚዮኖቹ እዚህ ቀሩ፤ አባቶቻችንም አንዱን አፍርሰው ሌላውን እየጠገኑ ሙያውን አቆዩልን። የአይሱዙን የጭነት መኪና ሻንሲ ወስደው ላሜራ እየቀጠቀጡ የሕዝብ ማመላለሻ ያደረጉትን ባለሙያዎች ሥራ "ቅጥቅጥ" ብላችሁ ስትሳፈሩበት ኖራችኋል። ፊሊፒናውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ትተውት ከሄዱት ጂፕ "ጂፕኒ" የሚባለውን ታክሲ ሠርተዋል። በህንድ ገጠር ደግሞ ገበሬዎች የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር በእንጨት ገላ ላይ ጭነው "ጁጋድ" የሚሉትን ጋሪ መሰል መኪና ይነዳሉ። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፍሬኑ ደካማ በመሆኑ የብዙ አደጋ መነሻ ሆኖ በባለሥልጣናት ዘንድ ሲያስወቅስ ቆይቷል። እኔም የተሰናከልኩት እዚያው ላይ ነው።

ሦስት ስሕተቶቼ

አንደኛው ስሕተት ጥርስ አለመቁጠሬ ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ተሰብሮ ስለነበረ ሌላ ገዛሁ። መልኩ ተመሳሳይ ስለነበረ ከፍቼ ሳላይ ገጠምኩት። ለካ የፊተኛው 37 ጥርስ በ9፣ የኋለኛው 43 ጥርስ በ10 ነበረ። ይህ ማለት መኪናዋ በአራቱም ጎማ ስትስብ በየ100 ሜትሩ የፊት ጎማ ከኋላው 4 ሜትር ተኩል ያህል ቀድሞ መሄድ ይፈልጋል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይታወቅም። ደረቅ መሬት ላይ ግን የሚንሸራተት ነገር ስለሌለ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን ጥርሱ ረገፈ። ለማየት አንድ ሰዓት ሰስቼ የሁለት ወር ገቢዬን ከፈልኩ።

ሁለተኛው ስሕተት የሰው መንገድ ማበላሸቴ ነው። በመጀመሪያው ክረምት መኪናዋ ማንም ያልገባበትን ጭቃ ሰንጥቃ ስትወጣ እንደ ጀግና ቆጥሬ ነበር። በሳምንቱ ስመለስ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ። ጎማዬ የቆፈረውን ጉልበት የሚደርስ ቦይ በበትራቸው እያሳዩ "ልጄ፣ አንተስ አለፍክ፤ አህዮቻችን በምን ይለፉ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የአጎቴ ማዳበሪያ ደርሷል፤ የሃያ ቤተሰብ መተላለፊያ ግን እስከ መስቀል ድረስ ተዘግቶ ከረመ።

ሦስተኛውን ለመናገር ይከብደኛል። ከተገለበጠችው መኪና የወጣውን የፍሬን ቱቦ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ ቀለም ቀብቼ መልሼ ገጠምኩት። የፍሬን ፖምፓውንም ከአሮጌ መኪና ያገኘሁትን ባለ አንድ መስመር አደረግሁ። ባለ ሁለት መስመር ቢሆን አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ግማሽ ፍሬን ያተርፍ ነበር። ይህን አውቅ ነበር፤ ለጊዜው ብዬ ነው። ለቴክኒክ ምርመራ ሳላቀርባትም 18 ኩንታል ጤፍ ጫንኩባት። ፒክአፗ የተሠራችው ለ10 ኩንታል ያህል ነው። ባሌስትራ ስለጨመርኩ ትችላለች ብዬ ነበር። ባሌስትራ ግን ጭነት ያነሣል እንጂ ጭነት አያቆምም።

የ17 ዓመት ልጅ የሆነው የእህቴ ልጅ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ ሰፈራችን ስንቃረብ ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። ቱቦው በማሰሪያው ሥር፣ እኔ ቀለም ብቻ በቀባሁበት ቦታ፣ በዝገት ተበልቶ ኖሮ ፈነዳ። የእጅ ፍሬኑ አልያዘም። ማርሽ እየቀነስኩ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ አስገባኋት። መኪናዋ ቆመች፤ ልጁ ግን ከላይ ተወርውሮ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ፤ እስከ ዛሬ ግን ያነክሳል። ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፣ የመንገዱም አይደለም፣ የእኔ ነው።

ምን ከአሮጌ፣ ምን ከአዲስ?

ከዚያ በኋላ ዕቃዎችን በሦስት ከፍዬ በደብተር ጻፍኩ። ወጣት መካኒኮች በዚህ አዳራሽ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ።

1ኛ. አሮጌ ቢሆን የማይጎዳ፦ ካቢና፣ በር፣ ወንበር፣ ስፖንዳ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ። እነዚህ ቢበላሹ መኪናው መልኩ ይከፋል እንጂ ሰው አይገድልም።

2ኛ. አሮጌ ሆኖ ተፈትሾ የሚገጠም፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ሻንሲ። ሞተር ስትገዙ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ ተጠራጠሩ፤ በቀዝቃዛው ሲነሣ እዩት። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ጭስ የሚገፋ ከሆነ ፋሻው አልቋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የታይሚንግ ቺንጋው ታሪኩ ስለማይታወቅ ሳትነዱ ቀይሩት። የዲፈረንሻል ጥርስ ቁጠሩ። የሻንሲን የላይና የታች ከንፈር አትብሱ፣ በአግድም አትበይዱ፤ የሚሰነጠቀው ከዚያ ነው።

3ኛ. አዲስ ብቻ የሚገጠም፦ የፍሬን ቱቦ፣ የፍሬን ጎማ፣ የፖምፓው ላስቲኮች፣ የፍሬን ሸራና ዘይት፣ የመሪ መጋጠሚያዎች። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ያረጀ ዘይት ረዥም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፍሬኑ ባዶ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሾፌር ይህን ያውቃል። ገንዘብ ካነሰ ሥራው ይቆይ እንጂ ከዚህ ዝርዝር አንድም አይጎደል።

ሕጉንም ማክበር ያስፈልጋል። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ መመዝገብና በየዓመቱ መመርመር አለበት። የሻንሲና የሞተር ቁጥርም በመዝገብ ከሰፈረው ጋር መግጠም ይኖርበታል። የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ነው። ደረሰኝ የሌለው ሞተር የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ዕቃ ይበልጥ ተፈላጊ ስለሆነ ጥንቃቄውም በዚያው ልክ መጨመር አለበት።

ለጥያቄያችሁ መልስ

የተከበራችሁ ተወካዮች፣ "እንዲህ ያለ መኪና ይሠራልን" ላላችሁት መልሴ፣ አሁን አይሠራላችሁ የሚል ነው። ብትሠሩ ለእኔ እንጀራ ነው፤ ሆኖም እውነቱን መናገር ይሻላል። መኪናዬ ዛሬ ባለ ሁለት መስመር አዲስ ፍሬን ተገጥሞላት፣ ተመርምራ፣ ከ10 ኩንታል ሳታልፍ ትሠራለች። መረሬው እርጥብ ሲሆን ግን ወደ ማሳ አትገባም። ወጪዋን በደብተሬ ስደምር ሁለተኛ እጅ የሆነ ደኅና መኪና ሊገዛ ከሚችለው ብዙም አላነሰም። በእሷ ያተረፍኩት ሙያውን ነው።

በእኔ አስተያየት ዩኒየኑ ሦስት ነገር ቢያደርግ ይጠቅማል። መጀመሪያ፣ ለመኪና የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ለእነዚያ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትሮች ድንጋይ ማንጠፊያና ውኃ ማፋሰሻ ይዋል፤ የተነጠፈ ድንጋይ የአባሉንም የጎረቤቱንም አህያ ያሳልፋል። ሁለተኛ፣ ከአሮጌ መኪና አክስልና ጎማ ጠንካራ ጋሪ ይሠራ። አሮጌ ዕቃ ቦታውን የሚያገኘው እዚያ ነው፤ በአህያ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ስሕተትን ይቅር ይላል። ሦስተኛ፣ አንድ የጋራ መጠገኛ ይቋቋም፤ ከየማኅበሩም የአባል ልጆች ተመርጠው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እንዲማሩ ይደረግ። የሠለጠነ እጅ ካለ መኪናው በጊዜው ይመጣል።

የእህቴ ልጅ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጧል። ሲድን ወደ ሌላ ሙያ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እኔው ጋ ተመለሰ። አሁን ከግቢዬ የሚወጣ ማንኛውም መኪና ፍሬኑን የሚፈትሸው እሱ ነው። እሱ ሥሩ ተኝቶ አይቶ "ይሂድ" ካላለ በሩ አይከፈትም፤ እኔ ራሴ ብለምነውም። ለዩኒየናችሁ የምመኘው እንዲህ ያለ "ይሂድ" እና "አይሂድ" የሚል ሰው በየማኅበሩ እንዲኖር ነው።