ጣት ላይ የሚነበብ የደም ዝውውር

በፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሾክ (የደም ዝውውር ለሰውነት የማይበቃበት አደገኛ ሁኔታ) ውስጥ የገባ ሰው የደም ግፊቱ በመድኃኒት ተስተካክሎ ሞኒተሩ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ግን ደሙ እስከ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች እየደረሰ ነው? ግፊት ብቻውን ይህን አይነግረንም።

ይህን ለማወቅ ሐኪሙ የሕመምተኛውን ጣት ጫፍ እስኪነጣ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይለቅና ቀለሙ እስኪመለስ ይቆጥራል። ከ3 ሰከንድ ካለፈ ያሳስባል። ሰውነት ሲጨንቀው ደሙን ለልብና ለአንጎል ለማቆየት አስቀድሞ የሚነፍገው ቆዳን ነውና፣ ችግሩ እዚያ ቶሎ ይታያል። ብርድም የጣትን ቀለም መመለስ ስለሚያዘገይ፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ መጠንቀቅ ያሻል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የታተመው አንድሮሜዳ ሾክ የተባለ ጥናት፣ በአምስት የላቲን አሜሪካ አገሮች ኢንፌክሽን ለሾክ የዳረጋቸውን 424 ሕሙማን አሳትፏል። ሕክምናቸው በጣት ምርመራ ከተመራው 34.9 በመቶ፣ በደም ላክቴት (ሕብረ ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያንሳቸው ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) መጠን ከተመራው ደግሞ 43.4 በመቶ በ28 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መስፈርት የተረጋገጠ ባይሆንም፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ላክቴት መለኪያ ይፈልጋል፣ የጣት ምርመራው ግን ሰዓትና በየ30 ደቂቃው ከአልጋው አጠገብ የሚቆም ባለሙያ ብቻ። በ2021 የወጣው ስለ እንዲህ ያለ ሾክ ሕክምና የሚያወሳ ዓለም አቀፍ መመሪያም በጣት ምርመራው ከሌሎች መለኪያዎች ጋር እንዲሠራበት ሐሳብ አቅርቧል።