ከቀትር በኋላ በጅቡቲ
ስለ አኗኗር ልማድና ሥር ስለ ሰደዱ በሽታዎች የተደረገ ንግግር



ጅቡቲ ከተማ በባሕርና በበረሓ መካከል ተቀምጣ በወደቧ የምትኖር መሆኗ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ፈረንሳዮች በ1888 ሲቆረቁሯት (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ትንሽ የባሕር ዳር ሰፈር ነበረች፤ ዛሬ ግን ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው የተሰበሰበው በእርሷ ውስጥ ነው። ከዚህም ሕዝብ የብዙው ሰው አያት ወይም ቅድመ አያት የዒሳ ወይም የአፋር ከብት አርቢ ሆኖ፣ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ውሃና ሣር ፍለጋ በእግሩ ሲጓዝ የኖረ ነው። በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ ከእግር ጉዞ ወደ ምንጣፍ፣ ከወተት ወደ ስኳር የተዛወረ ሕዝብ ሰውነቱ ምን ይደርስበታል የሚለው ጥያቄ የዚህ ንግግር ጉዳይ ነው።

ቀድሞ የዚህ ባሕር ዳር ሰው የሚፈራው ወባን፣ ኮሌራንና የሳንባ ነቀርሳን ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ ዛሬም ቢሆን አልተወገደም። እነዚህ በሽታዎች ሲመጡ ያስታውቃሉ፤ ያተኩሳሉ፣ ያስላሉ፣ ከአልጋ ያውላሉ። ዛሬ ከእነርሱ ጎን የተሰለፉት ደም ብዛት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ግን አካሄዳቸው የሌባ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ በደም ብዛት ነገር ግን ሰውየው በሽታውን አይደብቅም፣ በሽታው ራሱን ከሰውየው ይደብቃል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት የዓለም ሰዎች መካከል በ2019 ደም ብዛት የነበረባቸው 1.28 ቢሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ 46 ከመቶው በሽታው እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ከሰው ወደ ሰው በማይተላለፉ በሽታዎች በ2021 ብቻ ቢያንስ 43 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹም ከአራት ሦስቱ ገደማ የሞቱት ሀብታም ባልሆኑት አገሮች ነው። ስለዚህ «ይህ የባለጸጋ በሽታ ነው» የሚለው የቆየ አነጋገር ሊተው ይገባዋል።

የአርብቶ አደሩ ምግብ ወተት፣ አልፎ አልፎ ሥጋ፣ ከደጋው ሰው የለወጠው ጥቂት እህል ነበር፤ ያንንም የሚያገኘው ደክሞ ነው። የከተማው ልጅ ማዕድ ግን ከመርከብ የሚራገፍ ነው፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የፈረንሳይ ዳቦ፣ የምግብ ዘይት፣ ስኳር። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም በጥቂት ገንዘብ ሆድ የሚሞላ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ከኢትዮጵያ በመኪናና በባቡር ስለሚመጣ፣ በዚያም ላይ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያበላሸው፣ ዋጋው ለድሀው ቤት አይቀመስም። ድሀ ሰው ለምን ሩዝና ስኳር ይበላል ብሎ መውቀስ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው።

ይሁን እንጂ በጅቡቲ የጤናን ነገር ያለ ጫት ተናግሮ መጨረስ አይቻልም።

ጫት የደጋና የወይና ደጋ ተክል እንጂ የባሕር ዳር ተክል አይደለም። ቃሚውን የሚያነቃው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወቀው በ1975 ነው። ይህ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ እየደከመ ሄዶ ሁለት ቀን ገደማ ሲያልፈው ኃይሉ አብዛኛውን ይጠፋል። ጫት በችኮላ የሚጓጓዘው፣ በእርጥብ ጨርቅና በቅጠል የሚሸፈነው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ይታሰብ፤ ከሐረር አምባ ወደ ባሕር የሚወርደው የግመል ቅፍለት ብዙ ቀን ይፈጅ በነበረበት ዘመን፣ የባሕር ዳር ሰው ትኩስ ጫት በየቀኑ ሊቅም የሚችልበት መንገድ አልነበረም። የባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ በሐረርጌ ተራራ የተቆረጠ ቅጠል ሳይጠወልግ ጅቡቲ ይደርስ ጀመር። ቀጥሎ አውሮፕላን ከድሬዳዋ እየተነሣ ያመላልሰው ጀመር፤ ኋላም የጭነት መኪና ተተካ። ቡና፣ ቆዳና ሰው ለማመላለስ የተዘረጋው ሐዲድ፣ ማንም ሳያስበው፣ የአንድ ከተማ ሕዝብ የከሰዓት ልማድ ዘረጋ።

በሐረርጌ ገበሬው ወደ እርሻው ሲወርድ፣ ደረሳው ሌሊት ለዱዓ ሲነቃ ጥቂት ይቅማል፤ ከቃመ በኋላም ገበሬው ዶማውን ያነሣል። በጅቡቲ ግን ቅጠሉ የሚደርሰው ሥራ በሚያበቃበት፣ ፀሐይ ሰውን ከመንገድ በምታባርርበት ሰዓት ነው። ያው ቅጠል በአንዱ ስፍራ ከሥራ ጋር፣ በሌላው ከመቀመጥ ጋር ተጋባ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአማርኛ ምሳሌ እዚህ ከተማ ሲደርስ ትርጉሙ ይገለበጣል።

አንድ የመካከለኛ ደረጃ ሠራተኛ ለምሳሌ ይወሰድ። ማለዳ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ቀምሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ጫት የጫነው መኪና መድረሱ ሲሰማ ከተማው ሁሉ ይነቃል፤ በየመንገዱ ዳር በጠረጴዛ ላይ የሚሸጡት ሴቶች ዙሪያቸው በገዢ ይከበባል። ሰውየው ምሳውን ሩዝ በዘይት በልቶ፣ እስሩን ይዞ መብረዝ ወደሚባለው መቃሚያ ክፍል ይገባል፤ ምንጣፍ ላይ መከዳ ተደግፎ እስከ ምሽት ድረስ ይቀመጣል። የጫቱን ምሬት ለማጣፈጥ ሻይ ወይም ኮካ ኮላ ይጠጣል፤ ምርቃናው ሲመጣ ሲጃራ በሲጃራ ላይ ይለኩሳል። ማታ እራት አያሰኘውም፤ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። በማግስቱ ደክሞ፣ ተበሳጭቶ፣ ሐራራው ይዞት ይነሣና የ7 ሰዓቱን መኪና ይጠብቃል።

ስኳሩ ብቻ ቢቆጠር እንዲህ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር፣ ሦስት ብርጭቆ ሲጠጣ ዘጠኝ ማንኪያ፣ ማለት 36 ግራም ይሆናል። በአንድ ቆርቆሮ ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ሁለቱ በአንድ ላይ 71 ግራም ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ይህ ሁሉ ጣፋጭ ወደ ሰውነት የሚገባው ሰውየው ተቀምጦ ሳለ መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል፤ ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳልና፣ ያልሠራ ጡንቻ ግን ያን ያህል አይወስድም።

ካቲኖን ደግሞ በበኩሉ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል። የየመን ሐኪሞች ባደረጉት ምርመራ ጫት የሚቅሙ ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚይዛቸው ከማይቅሙት ይልቅ አብዝቶ መሆኑን አግኝተዋል። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው ሰዓቱ ነው። በሌላው ዓለም ይህ ሕመም የሚበዛው በማለዳ ሲሆን፣ በቃሚዎች ላይ ግን ወደ ከቀትር በኋላና ወደ ምሽት ዞሮ ተገኘ። የልብ በሽታ እንኳ የቃሚን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል ማለት ነው። በደም ብዛት ምክንያት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ጠዋት ኪኒኑን ውጦ ከቀትር በኋላ ቢቅም፣ በአንድ እጁ የገነባውን በሌላው እጁ ያፈርሳል።

ስለ ሙቀቱና ስለ ውሃው ደግሞ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በበጋ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኸምሲን የሚሉት የበረሓ ነፋስ ሲነፍስ ላብ ሳይታወቅ ይደርቃል። ከተማው ለብዙ ዘመን የጠጣው ከአምቡሊና ከአካባቢው ጉድጓድ የሚቀዳውን ውሃ ነው፤ ውሃው በብዛት ሲሳብ የባሕሩ ጨው እየሰረገበት ጨዋማ ሆነ። በ2017 ከኢትዮጵያ የሚወርደው የውሃ ቧንቧ ተመረቀ፤ በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ ተከፈተ። ይህ ለሕዝቡ ከፍ ያለ ጥቅም ነው። ነገር ግን ውሃው ጨው ጨው ሲለው ለስላሳ መጠጥ የለመደ ምላስ በአንድ ቀን አይመለስም። አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም የበለጠ ጨው እንዳይበላ ይመከራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ሳይታወቅ በዳቦ ይገባል። ዳቦውን የሚጋግረው ዳቦ ቤቱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ረገድ ከአንድ ሺህ ምክር ይልቅ ከዳቦ ቤቶች ጋር የሚደረግ አንድ ስምምነት ይበልጣል።

የኢትዮጵያ ሰዎች ይህን ሁሉ እንደ ጎረቤት ወሬ ብቻ ሊሰሙት አይገባም። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ ዕቃ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ወደብ ከዞረ ወዲህ፣ በገላፊ በኩል የሚወጣና የሚገባ የከባድ መኪና ሾፌር ቁጥር እጅግ ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡሩ በ2018 መደበኛ ሥራ ቢጀምርም መኪናው አልቀረም። ሾፌሩ ቀኑን ሁሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ወረፋ ሲጠብቅ ደግሞ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ያድራል፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው ይቅማል፤ ሲደርስ ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብራል፤ ይህንንም ጨብሲ ይለዋል። ስኳር በሽታ የያዘው ሾፌር ዓይኑ ሲፈዝ፣ የእግሩ ጫማ ስሜት ሲያጣ፣ አደጋው የእርሱ ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ለሚመጣው ሁሉ ነው። ከዚህም ሌላ የሚቃመው ጫት ከአወዳይና ከአካባቢው የሚመጣ የኢትዮጵያ ገበሬ ምርት ነው፤ ከገዛ ቤቱ የሚወጣውን ነገር ሌላው ብቻ ይመርምረው ማለት አግባብ አይሆንም።

ታዲያ «ጫት ይከልከል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ በዔደን ተሞክሯል። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1957 ጫት ወደ ዔደን እንዳይገባ ከለከለ፤ ቃሚው ግን በአውቶቡስ ከግዛቱ ወሰን እየወጣ ቅሞ ይመለስ ጀመር፤ በ1958 ክልከላው ተነሣ። በጅቡቲም መንግሥት ከቀረጡ ገቢ ያገኛል፤ ብዙ ቤተሰብም የሚበላው በመንገድ ዳር ጫት ከምትሸጠው እናት እጅ ነው። መብረዙም ቢሆን የስንፍና ቤት ብቻ አይደለም፤ ወሬ የሚሰማበት፣ ሥራ የሚፈለግበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ጋብቻ የሚመከርበት ስፍራ ነው። በዚያ ሙቀት ሰው በነጻ የሚቀመጥበት ሌላ ጥላ ሳይዘጋጅለት «ውጣ» ቢባል ወዴት ይወጣል? የሹማምንት ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ይመስላል። ምሽት ሙቀቱ በረድ ሲል ሴቶችና ወንዶች ያለ ስጋት የሚራመዱበት ብርሃን ያለው የባሕር ዳር መንገድ፣ ለወጣቱ ኳስ ሜዳ፣ በወደቡ በር ላይ ቀዝቃዛና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ፣ እነዚህ ከሆስፒታል አልጋ ይረክሳሉ።

በቤት በኩል የሚሻለው ጥቂት በጥቂት መቀነስ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር የለመደ ሁለት ያድርግ፤ ከወር በኋላ አንድ። በየቀኑ የሚቅም ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ቢተው ሐራራው እንደማይገድለው ያያል። ደም ብዛት ያለበት ሰው ደግሞ ሻል ሲለው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ቤተሰቡ ሊጠብቀው ይገባል፤ ብዙዎች በድንገት የሚወድቁት «ድኛለሁ» ብለው ኪኒኑን ካቆሙ በኋላ ነው።

የደም ግፊት መለካት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ፣ መርፌ የሌለው፣ የማያምም ነገር ነው። ሆኖም ሰው ሳያመው ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ስለዚህ መለኪያው ወደ ሰው ሊሄድ ይገባል። የወደብ በር፣ የባቡር ጣቢያ፣ የሾፌሮች መቆሚያ ተብሎ ሲዘረዘር ግን ሁልጊዜ የሚረሱ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም እነዚያ ጫት ሻጭ ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ጣፋጭ ሻይ ይጠጣሉ፤ ጠረጴዛቸውን ጥለው ሐኪም ቤት ለመሄድ አይችሉም። መለኪያ የያዘ አንድ የጤና ሠራተኛ መኪናው ከመድረሱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጠረጴዛቸው አጠገብ ቢገኝ፣ ሻጮቹንም ገዢዎቹንም በአንድ ስፍራ፣ ገና ሳይቅሙ ያገኛቸዋል።